ያልተበሳው ቅጠል

ሐምሌ 6

ዛሬም ቆጠራ። አርባ ረድፍ፣ ከየረድፉ አሥር አገዳ፣ ከየአገዳው ላይኞቹ አራት ቅጠሎች። ትል የበሳው ስንት፣ ያልበሳው ስንት። ሰው ሲጠይቀኝ "የምርምር ጣቢያ ነው የምሠራው" እላለሁ፣ ደስ እንዲል። እውነቱን ከተናገርን ቀዳዳ ቆጣሪ ነኝ።

የመደበኛው በቆሎ ረድፎች ወንፊት ሆነዋል። የልውጡ በቆሎ ግን... ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ። ዘረመሉ ውስጥ ያስገቡት ነገር የትሉን ሆድ አበላሽቶ ነው የሚገድለው። ለሰው ሆድ ምንም አይደለም ትላለች ዶክተሯ። ሙከራውን የምትመራው እሷ ናት፤ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳለች፣ ግን ስታወራ ዝም ብዬ ነው የምሰማት።

ሲወጡ ያው ፍተሻ። ቱታ መንጠቆ ላይ፣ ኪስ መገልበጥ፣ ጫማ መጥረግ። ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ አንዲት ፍሬ ከአጥሩ ማለፍ የለባትም። ዘበኛው "ጆሮህንም አሳየኝ" አለኝ። ሙከራው ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀልድ፣ አይሰለቸውም።

ቤት ስደርስ ታላቅ እህቴ እትዬ የትል መርዝ መርጫውን አዝላ ከበቆሎዋ ስትወጣ አገኘኋት። አፏን በጨርቅ አስራ ታስላለች። የዘንድሮ ሦስተኛ ርጭቷ ነው። ታጠቢ አልኳትና ክፍሌ ገባሁ። ደክሞኝ ነበር።

ሐምሌ 9

ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ስለ ልውጡ በቆሎ ጋዜጣ ላይ አንብበዋል፣ እኔ መልስ እንድሰጥላቸው ይፈልጋሉ። ኩባንያው በየዓመቱ ዘሩን ከእኔ ብቻ ውሰዱ ቢልስ? ትሉ ለምዶት ከአምስት ዓመት በኋላ ቢመለስስ? ያን ጊዜ የድሮው ዘር የለ፣ አዲሱ አይሠራ፣ መሀል ሜዳ ቀረን ማለት አይደለም?

ትሉ እኮ መርዙንም እየለመደ ነው፣ አሁንም መሀል ሜዳ ላይ ነን አልኳቸው። አሰቡበት። "እሱም አለ" አሉ። መምህሩን የምወዳቸው ለዚህ ነው። ተከራክረው አይጣሉም።

ሐምሌ 14

እራት ላይ። እትዬ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ጠይቃኝ የማታውቀውን ሁሉ ጠየቀችኝ። ልውጡ ስንቴ ይረጫል? ለትል ምንም አይረጭም አልኳት። "ምንም?" ምንም። ከዚያ ሰው በልቶት ያውቅ እንደሆን ጠየቀች። በሌላ አገር ሰውም ከብትም ለዓመታት በልቶታል፣ የመረመሩት ጉዳት አላገኙበትም አልኳት።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ፍተሻ ምን ፈርታችሁ ነው?"

እኔን የሚያስፈራኝ መበላቱ አይደለም አልኳት። አንዴ ከወጣ አይመለስም፣ የበቆሎ ብናኝ አጥር አያውቅም፣ ነፋስ ወደ ወሰደው ሄዶ የሌላውን ዘር ይቀላቅላል። ለምሳሌ ያንቺን።

ሳቀች። የመምህሩ ፍርሃት እኔም ላይ እንደተጋባ ነገረችኝ። ሳቋ በሳል ተቋረጠ።

የእሷ ዘር ማለት... ሃያ ሁለት ዓመት። በየአዝመራው ራሶቹን ፊቷ ከምራ፣ ልብሱ ጫፉ ድረስ የተጣበቀውን፣ ፍሬው ነጭና ጥርሱ የሞላውን ለይታ ታስቀምጣለች። ሰፈሩ "የእትዬ ነጭ" ይለዋል። አንድ ጣሳ ይወስዳሉ፣ ሲያጭዱ አንድ ጣሳ ይመልሳሉ። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝም እንደዚያው ነው፣ እየመረጠች። ይህ ጓደኛ ይሁንህ፣ ይሄኛው ይቅርብህ እያለች።

ሐምሌ 21

 ተረጋግቼ ልጻፍ።

ከሥራ ስመለስ በእትዬ በቆሎ መሀል አቋርጬ ነበር። ዓይኔ ለምዶበት ቅጠል ያያል። የተበሳ፣ የተበሳ፣ የተበሳ... ከዚያ አንድ ንጹሕ። አጠገቡም ንጹሕ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሌላ። ሦስት አገዳ፣ አንዲት ቀዳዳ የላቸውም። ከሌሎቹ ደግሞ ወፍረዋል፣ ሥራቸው ፍግ በፍግ ነው።

እትዬን ጠራኋት። አልካደችም። ግንቦት 14፣ ሙከራውን የዘራን ቀን፣ ዝናብ አበስብሶኝ ጣቢያው ውኃ ጠፍቶ ቱታዬን በፌስታል ጠቅልዬ አምጥቼላት ነበር፣ እጠቢልኝ ብዬ። ዘበኛው ከዝናቡ ተጠልሎ አላየኝም። ቱታ ከአጥር ማውጣት ክልክል ነው። አውቃለሁ። ያን ቀን ምን ነክቶኝ ነው? ከእጅጌው እጥፋት ሦስት ፍሬ ለቅማ ዘራቻቸው። ሦስት ፍሬ ይጣል? አለችኝ።

"አንድ ራስ ብቻ ልይ" አለች። "ሳልረጭ የበቀለ አንድ ራስ በእጄ ልያዝ፣ ከዚያ ያሻህን አድርግ።"

ደንቡ ግልጽ ነው። ወንዴው አበባ አናቱ ላይ ብቅ ብሏል እንጂ አልተከፈተም። ዛሬ ብናገር ሦስቱ አገዳ ይነቀላሉ፣ ማሳውን ያዩታል፣ ያበቃል። እኔ ግን ቱታ ስላወጣሁ እባረራለሁ። አበባው ተከፍቶ ብናኙ ከወጣ በኋላ ከሆነ ደግሞ የእትዬ ነጭ ከነጎረቤቱ ይታጨዳል። ለእትዬ መጥተው ያጭዱብሻል ብቻ ነው ያልኳት። ዛሬ ከሆነ ሦስት አገዳ ብቻ መሆኑን አልነገርኳትም።

ለምን አልነገርኳትም?

ሐምሌ 22

ሦስት የመመርመሪያ ወረቀት ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሰርቄ ማለት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ቅጠሉን በጠብታ ውኃ ጨፍልቄ ወረቀቱን ነከርኩ። አንድ መስመር ከወጣ መደበኛ፣ ሁለት ከወጣ ልውጥ። ሁለት። ሁለት። ሁለት።

መላ ግን አገኘሁ። የሦስቱንም ወንዴ አበባ ሳይከፈት ከአንገቱ ጎትቼ ነቀልኩት። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሙያዬ ነው፣ ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ወንዴ ከሌለ ብናኝ የለም። ራሱን ደግሞ የእትዬ ነጭ ያዳቅልላታል፣ እሷም ያማራትን ታያለች። ሲደርስ ከነአገዳው አቃጥለዋለሁ። ማንም አልተጎዳ፣ ማንም አልተባረረ።

የነቀልኩትን ቀበርኩት። እትዬ ስታየኝ "እጅህ እንዴት ይፈጥናል" አለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሐምሌ 24

ዶክተሯ መዝገቤን እያገላበጠች ለእንግዶች አሳየች። "ከእሳቸው መዝገብ ስርዝ ድልዝ አይገኝም" አለች። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ሐምሌ 26

ሰላም ነው። በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ አናታቸው ንጹሕ። እትዬ ወደ ሦስቱ ስትሄድ እንግዳ ልትቀበል የምትሄድ ትመስላለች። ትናንት ጸጉር አወጡ ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። አራተኛውን ርጭት ስትጨርስ ግን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ። ያን ስታይ... እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለምን ይከለክሏታል ትላለህ። ፈቃድ ሰጥተው ይገላግሏት ትላለህ። ከዚያ የእትዬ ነጭን ማሳ ታያለህ፣ አፍህ ይያዛል።

ሐምሌ 29

ጉዴ ፈላ።

የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ጎንበስ አልኩ፣ በቃ። ከመሀለኛው አገዳ ሥር ጎን ቀንበጥ በቅላለች። ጉልበቴ ድረስ። አናቷ ላይ የራሷ ወንዴ አበባ፣ የተከፈተ፣ የተንጠለጠለ። ነካሁት። መዳፌ ቢጫ ሆነ።

ጣቢያው ውስጥ ጎን ቀንበጥ ገና እንደበቀለ ይነቀላል፣ ሠራተኛ አለው። የእኔ ሥራ ላይኞቹን አራት ቅጠሎች ማየት ነው። ሃያ ዓመት ወደ ላይ ሳይ ኖሬ፣ እትዬ በፍግ ያወፈረችው አገዳ ከሥሩ ሊፈላ እንደሚችል እንዴት ጠፋኝ? ተማሪ የማይስተው ነገር።

ስንት ቀን ሆናት? አንድ? ሦስት? ዙሪያዋ ያለው የእትዬ ነጭ በቆሎ ጸጉር ሁሉ እርጥብ ነው፣ የመጣውን ብናኝ ሁሉ የሚቀበልበት ሰዓቱ ነው። ትናንት ደግሞ ነፋስ ነበር።

ነቅዬ ቀበርኳት። ከዚያ ማሳው መሀል ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ፣ ከራሴ ጋር ነኝ።

አሁንም ዝም ማለት ይቻላል። ማን ያውቃል? ግን በመጪው ዓመት እትዬ የምትሰጠው ጣሳ ሁሉ... ወሳጁ ሳያውቅ፣ ሰጪዋ ሳታውቅ። ይህንንስ አልችለውም።

ሐምሌ 30

ለዶክተሯ ነገርኳት። ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች። ስልክ አንስታ የመንግሥቱን ተቆጣጣሪ ጠራች።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ተቆጣጣሪው ወጣት ነው፣ ትሑት፣ ቅጽ ይዟል። እትዬ በሩ ላይ ቆማለች፣ መምህሩም አጥሩ ጋ። መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን ጠየቀኝ። ትናንት ብዬው ቢሆን ያልፍ ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር፣ "ትናንት"።

"ሐምሌ 21" አልኩ።

ጻፈው። ዶክተሯ መሬት መሬቱን አየች። ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ የነገረችኝ መስሏት፣ "ያን ቀን ቢነግሩኝ እኮ ሦስት አገዳ ነቅለን እንሄድ ነበር" አለችኝ።

እትዬ ሰማች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። "ታውቅ ነበር?"

አውቅ ነበር አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገባች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አሁን ልጻፈው። ለእሷ ብዬ አልነበረም ዝም ያልኩት። አንድ ራስ አማራት፣ እሱን ሰበብ አደረግሁት። ለእንጀራዬ ብዬ ነው።

ነሐሴ 2

አጨዱት። ከነእሸቱ፣ በእርጥቡ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ገባ። በሁለት መቶ እርምጃ ዙሪያ ያለውም ሁሉ፣ የመምህሩም። ካሳ አለ ተባለ። ተቆጣጣሪው እትዬን "እናቴ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ" ሲላት መነጽሯን አምጥታ እስከ መጨረሻው አንብባ ፈረመች።

መምህሩን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። የታጨደውን እያዩ ነበር። "እኔ ኩባንያውን ስፈራ፣ ነገሩ በጎረቤቴ እጅጌ መጣ" አሉኝ። ከዚያ ቁጭ በል አሉኝ። ተቀመጥኩ። 

ነሐሴ 5

ተሰናበትኩ። ዘበኛው የመጨረሻዋን ፍተሻ ሲፈትሸኝ አልቀለደም።

ነሐሴ 17

እትዬ አታናግረኝም ማለት አይቻልም። ብላ ትላለች፣ በሩን ዝጋ ትላለች። ከዚያ ያለፈ ግን የለም። ዛሬ ዘር ከማታስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ሳይቀር ፈለገች። ዘንድሮ ያላትን ሁሉ ዘርታ ነበር። ራቅ ያሉ የወሰዱ ሰዎች አሉ፣ ግን ሳይመርጡ ከሌላ ቀላቅለው ነው የሚዘሩት። ያ የእሷ ነጭ አይደለም። የአክስት ልጅ ነው ቢባል ይሻላል።

 ይቅር በይኝ ልበል አልኩና... ምን ልበላት? በቆሎ በቃል አይመለስ።

መስከረም 20

ልውጡ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል ስብሰባ ነበር፣ አዳራሹ ሞልቷል። የእኛ ነገር ስለተሰማ እትዬን ጠርተዋታል። እኔን ማንም አልጠራኝም፣ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ዶክተሯ ተናገረች፣ ስለ ርጭት፣ ስለ ምርት፣ ሁሉንም በቁጥር። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ተቃወሙ፣ ስለ ዘር ባለቤትነት፣ ከትሉ ጋር አብረው ስለሚሞቱ ሌሎች ነፍሳት። እንደ መምህሩ ዓይነት ነገር፣ ግን እየጮሁ። ግማሹ አዳራሽ ለዚህኛው አጨበጨበ፣ ግማሹ ለዚያኛው። እትዬ ስትነሳ ሁለቱም ወገን የእኔ ናት ብሎ ጠበቀ።

ማይኩን አልፈለገችም። እንዲህ አለች፣ ከሞላ ጎደል በቃሏ፦

"ትል የማይበላውን እፈልገዋለሁ። ደረቴ አልቋል። የራሴንም እፈልገዋለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መርጬዋለሁ። ሁለቱንም መፈለግ ይቻላል አይደል? ግን ማን ነው ለያይቶ የሚጠብቅልኝ? ሦስት ፍሬ ነበረች። እኔ ዘራኋት፣ ወንድሜ ዘጠኝ ቀን ደበቃት። እኔም ሌባ አይደለሁም፣ እሱም ክፉ ሰው አይደለም። ከእሱ የተሻለ ጠንቃቃ ሰው አላውቅም። እንግዲህ እሱንም ካቃተው..." 

አልጨረሰችውም። ተቀመጠች። ማንም አላጨበጨበም፣ የቱ ጋ እንደሚጨበጨብ ግራ ገባቸው። ዶክተሯ ስትጽፍ አየኋት። ጩኸታሙም ሰውዬ ይጽፋሉ።

እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞም... "ክፉ ሰው አይደለም" አለች። በሁለት ወር ውስጥ ስለ እኔ የተናገረችው የመጀመሪያው በጎ ነገር ነው። ይህን እያሰብኩ በእግሬ ነው የተመለስኩት፣ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ጥር 11

ውሳኔ የለም። ይጠና ተብሏል። ወፍጮ ቤት ሥራ አገኘሁ፣ ሚዛን ላይ። መምህሩ ጋዜጣቸውን ይዘው ይመጣሉ። እንደ በፊቱ ይከራከሩኛል፣ አሁን ግን እኔ ነኝ "እሱም አለ" የምለው።

ግንቦት 19

እትዬ ዘራች። ከሦስት ሰው የተለቃቀመ ዘር ነው፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቅይጥ። እንደገና መምረጥ ጀመርኩ ማለት ነው አለች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ስንት ዓመት ይፈጃል አላልኳት፣ እሷም አላነሳችው።

ሰኔ 25

ትሉ ገባ። ገና ጉልበት ሳይደርስ ወንፊት አድርጎታል። የጤና ጣቢያው ነርስ እትዬን ከእንግዲህ መርጫ እንዳትነካ ብላታለች፤ ሳንባዋ አይችልም።

ጠዋት ተነስቼ መርጫውን ሞላሁ። አሥራ ስድስት ሊትር ነው። ሳነሳው ወደ ኋላ ሊጥለኝ ነበር። እትዬ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች፣ ነፋሱን ከኋላህ አድርግ፣ አፍህን እሰር፣ ቸኩለህ አትራመድ አለችኝ። ሙያዋን ስታስተምረኝ የመጀመሪያዋ ነው። እሺ አልኩ።

አንደኛውን ረድፍ ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ምላሴ መረረኝ። ሦስተኛው ላይ ዓይኔ ያለቅስ ጀመር፣ መርዙ በጨርቁ ውስጥም ይገባል። አራተኛው ላይ ደረቴ ተዘጋ፣ ቆምኩ። ሳልኩ። የእሷን ሳል ነበር የምስለው፣ ያንኑ። ዕረፍ አለችኝ ከደጃፉ።

በየዓመቱ ስድስት ጊዜ ነው የምትረጨው። በስድስቱ ጊዜ ሁሉ እኔ ከጣቢያው አጥር ወዲያ ነበርኩ። አርባ ረድፍ፣ አሥር አገዳ፣ አራት ቅጠል ስቆጥር ሃያ ዓመቴ፣ የእሷን ርጭት አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደምሬው አላውቅም።

አላረፍኩም። አሥራ አንዱንም ረድፍ ጨረስኩ።